ስማርት ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ

ባሕር ዳር ላይ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ስማርት ስፒከር፣ ማለትም በዋይፋይና በስልክ አፕ የሚሠራ ስፒከር፣ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ጀርባውን አዙራችሁ እዩ። የኦክስ ገመድ የሚሰካባት 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ አለችው? ከዚያ ዋይፋዩን አጥፉና በገመድ ወይም በብሉቱዝ ዘፈን ክፈቱበት። ከሠራ ግዙት። ያለ አፕ የማይነሳ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። አምራቾች ለቆየ ዕቃ አፕዴት ያቆማሉ፤ የስፒከር አምራቹ ሶኖስ በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያው ፕሌይ 5 ስፒከሩ እንዲያ አድርጓል። ስፒከሩ ወዲያው አይሞትም፤ አገልግሎቶቹ ናቸው ቀስ በቀስ እምቢ የሚሉት።

የአጎቴ ስፒከር ጣና ዳር ባለው ቤታቸው አቧራ ለብሶ ከርሞ ነበር። አፑ አላውቀውም አለ። ባለፈው እሁድ በአንዲት ገመድ ከስልካቸው ጋር አገናኘሁት። ቡናው ሳይፈላ ሙዚቃው ቤቱን ሞላው፤ ድምፁ ደግሞ ምን የመሰለ! ብቻ እንዲህ ያለውን ዕቃ ሪሴት አታድርጉት (ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ አትመልሱት)፤ አፑ ከሌለ መልሶ ማስነሳት ላይቻል ይችላል።