ጉልበቴን ጉልበቴን ለምትሉ የደሴ ሰዎች (ኮምቦልቻም ይሰራል)

እኛ ጋ ጉልበቱን ያመመው ሁሉ "ሪህ ነው" ይባላል፣ አብዛኛው ግን ሪህ አይደለም። ሪህ ድንገት ይነሳና ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣትን አቅልቶ ያሳብጣል። ይሄኛው ግን ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት) ይባላል፣ ቀስ እያለ በአመታት የሚመጣ ነው፣ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ እየሳሳ ሲሄድ። እድሜ ከ45 ካለፈ፣ ህመሙ ስትንቀሳቀሱ ከባሰ፣ ጠዋት ደርቆ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ከተፍታታ በቃ እሱ ነው በሉ። ኤክስሬይ ሁሌ የግድ አይደለም፣ ፎቶው አስፈሪ ሆኖ እንደልቡ የሚሄድ ሰው ሞልቷል።

ዋናው መድሃኒት የጭን ጡንቻ ነው። ደህና ከፍታ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ በሉና አንድ እግር ቀጥ እስኪል ወደፊት ዘርጉ፣ ጭናችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ እስከ 5 ቁጠሩ፣ ከዛ ቀስ ብሎ ማውረድ፣ ዝም ብሎ መጣል የለም። በየእግሩ 10 ጊዜ ጠዋትና ማታ። ሲለመድ እጅ ሳትደገፉ ከወንበሩ መነሳትና መቀመጥ ጨምሩበት። ትንሽ ቢያም አትፍሩ፣ በማግስቱ ካበጠ ግን ቀንሱ እንጂ አታቁሙ። አልጋ ላይ መዋል ጡንቻውን ያከሳዋል ከዛ ይብሳል።

ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ ቁልቁለቱ ደሞ ይብሳል። ደረጃ ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ የሚያመው፣ ከዘራ ከያዛችሁ ከሚያመው እግር በተቃራኒው እጅ። ቡና ላይ ያቺን ድንክ በርጩማ ተዉአት፣ አቦል ቶና በረካ እስኪያልቅ ጉልበት አጥፎ መቀመጥ ለዚህ ህመም አይሆንም፣ እማማ ቢቆጡም ከፍ ያለ ወንበር አስመጡ። ሶላትም ላልቻለ ወንበር ላይ ይሰገዳል። ውፍረት ላለው 1 ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ ወደ 4 ኪሎ ጫና ያነሳል።

መድሃኒት ላይ መጀመሪያ የዲክሎፌናክ (የህመም ማስታገሻ) ቅባት ሞክሩ። ኪኒኑን ግን ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ልብ ወይ ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ እንዳይነካው፣ ባመመ ቁጥር ፋርማሲ ሮጦ "ውጉኝ" ማለትም ህክምና አይደለም ወላሂ። ጉልበት ውስጥ የሚወጋው ስቴሮይድ ለሳምንታት ያስታግሳል፣ ሲደጋገም ግን ካርቲሌጁን ሊጎዳ ይችላል።

ጉልበቱ ግሎ ካበጠና ትኩሳት ካለ፣ ወይ ወድቃችሁ መርገጥ ካቃታችሁ፣ ወይ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ወጌሻ ጋ ሳይሆን በዛው ቀን ሆስፒታል።