ከጀሪካን ኩፖን እስከ ክሪፕቶ፦ ዋጋን በአባላት ድምጽ እንዴት ማረጋጋት ይቻላል?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውሃ ሲጠፋ ቦቴ ይጠራል። አንድ ሰሞን የብሎካችን ኮሚቴ ብር ሰብስቦ ኩፖን አደለን። ማህተም ያለው ወረቀት ነው፤ አንዱ ወረቀት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስቀዳል። ብር ሲያጥር «ተጨማሪ ይታተም» ተባለ። ሁሉም እጁን አወጣ። ወሩ ሳያልቅ አንድ ጀሪካን በሁለት ኩፖን ሆነ። «እንግዲህ የተወሰነውን እንመልስ» ሲባል ግን ሁሉም ስልኩን መነካካት ጀመረ።

አባላቱ በድምጽ የሚመሩት ክሪፕቶም የሚቸገረው እዚሁ ላይ ነው። ማብዛቱ ቀላል ነው፤ ጣጣው መቀነሱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዒላማውን ቁረጡ። 1 ቶክን (የክሪፕቶው አንዱ ገንዘብ) 1 ዶላር ይሁን እንበል። ከ0.99 እስከ 1.01 ባለው ውስጥ ሲወዛወዝ አትንኩት። በየሳንቲሙ ስብሰባ የሚጠራ ኮሚቴ ማንንም ያሰለቻል።

ቀጥሎ ዋጋውን ማን ይነግራችኋል? አንድ ገበያ ብቻ አትመኑ። ከብዙ ገበያ ወስዳችሁ መሃለኛውን ያዙ፤ የአንድ ቀን አማካይ ቢሆን ደግሞ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው። በየጊዜው «ስንት እናትም?» ብላችሁ ድምጽ አትስጡ። ገበያው ሰላም ሳለ በደንቡ ላይ ድምጽ ስጡ፤ ከዚያ ስማርት ኮንትራቱ (ደንቡን በራሱ የሚፈጽም የኮምፒውተር ፕሮግራም) ያስፈጽመው። ለምሳሌ 100,000 ቶክን አለ፤ ዋጋው 1.10 ደረሰ። ልዩነቱ 10 በመቶ ነው። ደንቡ «የልዩነቱን አንድ አስረኛ በቀን» ካለ፣ ዛሬ 1,000 ቶክን ይታተማል። አዲሱን ቶክን ለአባላት አታድሉ። ሽጡትና ገንዘቡን መጠባበቂያ አድርጉት። ዋጋው ሲወርድ በዚያ ገንዘብ ቶክን ገዝታችሁ ታቃጥላላችሁ፤ ማለትም ለሁልጊዜው ከገበያ ታስወጣላችሁ። የኛ ኮሚቴ የሳተው ይህችን ነው፤ የሸጠውን በላው።

ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረው አምፕልፎርዝ የተባለ ክሪፕቶ የሁሉንም ሰው ቀሪ ሂሳብ በእኩል መቶኛ ያበዛል ወይም ያሳንሳል። እኔ ብዙም አልወደውም። ዋጋው ወደ ዒላማው ቢመለስም ጠዋት ስትነሱ ዋሌታችሁ (የክሪፕቶ ቦርሳችሁ) ውስጥ ያለው ቶክን አንሶ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ዳይ የሚባለው ቶክን ደግሞ በብድር ይሰራል። ማስያዣ ታስይዛላችሁ፣ ዳይ ትወስዳላችሁ፤ ስትመልሱ ይቃጠላል። የብድሩን ክፍያ ይወስኑ የነበሩት ኤምኬአር የተባለው የድምጽ መስጫ ቶክን ባለቤቶች ነበሩ፤ በድምጽ። በ2019 ዳይ ከዶላር በታች እየወረደ ሲያስቸግር ክፍያውን ደጋግመው ከፍ አደረጉት። ከ0.5 በመቶ ተነስቶ 20 በመቶ አለፈ። ብድር ሲወደድ ሰው ዳይ እየገዛ ዕዳውን ይከፍላል፤ ገበያ ላይ ያለው ዳይ ያንሳል።

ማስያዣ የሌለው ነገር ግን ያስፈራል። በግንቦት 2022 ቴራ የተባለውን ፕሮጀክት 1 ዶላር ሊያወጣ የታሰበ ቶክን ለማዳን ሉና የተባለው ሌላው ቶክኑ በላይ በላዩ ታተመ። ከ350 ሚሊዮን ገደማ ተነስቶ በቀናት ውስጥ 6.5 ትሪሊዮን ደረሰ። ሁለቱም ወደቁ።

የድምጽ አሰጣጡንም ጠብቁት። በሚያዝያ 2022 አንድ ሰው ለቅጽበት ብቻ ብዙ ገንዘብ ተበድሮ ቢንስቶክ የተባለውን የክሪፕቶ ፕሮጀክት ድምጽ ጠቀለለ፤ የራሱን ሃሳብ አጸደቀና 182 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፕሮጀክቱ ወጣ። ስለዚህ የድምጽ መብት ሃሳቡ ከመቅረቡ በፊት በነበረው ይዞታ ይቆጠር። ከጸደቀ በኋላም ቢያንስ ሁለት ቀን ይቆይ፤ ሰው ያንብበው።

ይህን ሁሉ ስትሞክሩ እውነተኛ ገንዘብ በሌለበት የሙከራ ኔትወርክ ይሁን። እዚህ አገር መገበያያው ብር ነው፤ ብሔራዊ ባንክም በክሪፕቶ መክፈል ሕጋዊ እንዳልሆነ በ2022 አሳስቧል። እንዲያውም በወረቀት ጀምሩ፤ ሃያ ጎረቤት ይበቃል።

የኛ ብሎክ አሁን በጥሬ ብር ይቀዳል። መሳቢያዬ ውስጥ ግን አራት ኩፖን ቀርቶኛል፤ ማህተሙ ገና አልደበዘዘም።