ቡታጋዝ ቢጫ ሲነድና ድስት ሲያጠቁር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የድስቱ ቂጥ በጠቆረ ቁጥር ወቀሳው የሚያርፈው ጋዝ ሻጩ ላይ ነው። «አንድ ነገር ቀላቅለውበታል» ይባልና ሲሊንደሩ ይቀየራል፤ ድስቱ ግን መጥቆሩን አይተውም። ጥላሸት ሳይነድ የቀረ ካርቦን ነው፤ ካርቦን ሳይነድ የሚቀረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አየር ሲያጥረው ነው። በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ከፕሮፔንና ከቡቴን የተሠራ ነው። አንድ ሊትር የፕሮፔን ጋዝ ተሟጦ እንዲነድ 24 ሊትር ያህል አየር ያስፈልገዋል፤ ቡቴን ደግሞ 31 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ፍተሻው መጀመር ያለበት ከሲሊንደሩ ሳይሆን አየር ከሚገባበት መንገድ ነው።

ምንም ከመንካትዎ በፊት ሁሉንም ራሶች በየተራ ለኩሰው ይመልከቱ። ቢጫ የሚነደው አንዱ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? ይህን ሳይለዩ ሬጉሌተር (ሲሊንደሩ አፍ ላይ ተገጥሞ የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ለመግዛት መሮጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

አንዱ ራስ ብቻ ቢጫ ሲነድ

ጥፋቱ እዚያው ራስ ላይ ነው፤ ሲሊንደሩም ሬጉሌተሩም ነጻ ናቸው። በእኛ ማድ ቤት ዋናው ተጠርጣሪ ሽሮ ነው። ሲንተከተክ የሚረጨው ፍንጣሪ እሳት በሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ላይ ይደርቅና እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። የገነፈለ ወተትና ከጀበና የፈሰሰ ቡናም የሚያደርሱት ጉዳት ተመሳሳይ ነው። ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ጋዙ እንደ ልብ መውጣት ስለማይችል ከሥር የሚስበው አየርም አብሮ ይቀንሳል።

ምድጃውን ያጥፉ፣ ሲሊንደሩን ይዝጉ፣ ራሱ እስኪቀዘቅዝም ይጠብቁ። ከዚያ ክዳኑን አንስተው ሞቅ ባለ የሳሙና ውሃ ይዘፍዝፉት፤ ሲለሰልስ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉት። ታጥቦ ሲያበቃ ወደ መስኮት ከፍ አድርገው ይዩት፤ ብርሃን የማያሳልፍ ቀዳዳ ካለ ሥራው አላለቀም። እርጥቡን አይግጠሙት። ሲመልሱት ደግሞ በመቀመጫው ላይ እኩል ማረፉን ያረጋግጡ፤ ጥቂት ጋደል ካለ በአንድ ወገን ረጅም ቢጫ ነበልባል ይተፋል። ችግሩ ይህ ብቻ ሆኖ ሳለ ስንት ምድጃ «ተበላሽቷል» ተብሎ በረንዳ ላይ ተጥሏል!

ራሱ ጸድቶም ቢጫው ካልጠፋ ከሥሩ ያለውን ቱቦ ይመልከቱ። መብራት ሲጠፋ ብቻ ከመደርደሪያ የሚወርድ ምድጃ ብዙ ጊዜ ሸረሪት ያደራበታል፤ ጥቂት ድር እንኳ የአየሩን መንገድ ለመዝጋት ይበቃል። በቀጭን የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ማውጣት ይቻላል። ጋዙ የሚወጣበትን ኖዝል ግን በመርፌ አይጎርጉሩት። ኖዝሉ የተሠራበት ናስ ለስላሳ ስለሆነ መርፌው ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ ካስፈላጊው በላይ ጋዝ ይለቃል፣ ቢጫውም ይብሳል። ከተደፈነ አውልቆ በሳሙና ውሃ መዘፍዘፍና በአየር መንፋት ነው የሚሻለው።

ሁሉም ራሶች ቢጫ ሲነዱ

እዚህ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጡት ባለ ሁለት ራስ ምድጃዎች ላይ ከሆነ መጀመሪያ የአየር መቆጣጠሪያውን ይፈልጉ። በብዙዎቹ ላይ ከሥር፣ ቱቦው ከኖዝሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ወዲያና ወዲህ የሚዞር ትንሽ ቆርቆሮ አለ። እሳቱ እየነደ ቀስ አድርገው ያዙሩት። የነበልባሉ ጫፍ ቢጫነቱን ትቶ ሰማያዊ ሲሆንና ወደ ውስጥ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሾጣጣ ጥርት ብሎ ሲታይ ያቁሙ። ካለፉት ነበልባሉ ከራሱ ላይ ይነሳና እየጮኸ ይንሳፈፋል፤ ያኔ አየሩ በዝቷልና ትንሽ ይመልሱት።

ይህ ማስተካከያ እኛ ዘንድ ከሌላው አገር ይበልጥ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አንድ ሊትር አየር የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ፋብሪካው ለቆላና ለባህር ዳርቻ ያስተካከለው ምድጃ ደጋ ሲወጣ አየር ቢያንሰው አይገርምም። ድሬዳዋ ላይ በሰማያዊ ሲነድ የኖረ ምድጃ ደብረ ብርሃን ሲገባ ቢጫ ቢሆን የጋዙ ጥራት ወርዶ አይደለም፤ መቆጣጠሪያውን ከፈት ማድረግ ይበቃው ይሆናል። እስከ መጨረሻ ተከፍቶም ካልበቃ ባለሙያ አነስ ያለ ኖዝል ይግጠምበት።

ሌላው መንስኤ ኖዝሉ ራሱ ነው። ከአውሮፓ የሚመጡ ባለ መጋገሪያ ምድጃዎች ብዙ ጊዜ የሚወጡት በመሬት ውስጥ ቱቦ ለሚታደል የተፈጥሮ ጋዝ ተስተካክለው ነው። የዚያ ኖዝል ቀዳዳ ሰፊ ነው። ናሱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ቀዳዳውን በሚሊሜትር መቶኛ ይገልጻል፤ ለመካከለኛው ራስ የተለመደው ለተፈጥሮ ጋዝ 97፣ ለሲሊንደር ጋዝ ደግሞ 65 አካባቢ ነው። ሰፊው ኖዝል ከሲሊንደር ጋር ሲገናኝ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ይጠቁራል፣ ድስቱን ጥላሸት ያለብሰዋል። ምድጃው አዲስ ከሆነ ሳጥኑን ከመጣልዎ በፊት ይፈትሹት፤ ትክክለኞቹ ኖዝሎች ከመመሪያው ጋር በትንሽ ፌስታል ታሽገው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሬጉሌተርም ያሳስታል። የቤት ምድጃ የሚፈልገው ግፊት ብዙውን ጊዜ 30 ሚሊባር ገደማ ነው፤ ልኩ በምድጃው ጀርባ በተለጠፈው ታርጋ ላይ ተጽፏል። ለድግስ ትልልቅ ምድጃ የሚሆነው ባለ ከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር ከዚህ ጋር አይገጥምም። «እሳቱ ይጠንክር» ብሎ እሱን መግጠም ጥላሸት ብቻ ሳይሆን አደጋም መጋበዝ ነው።

ቢጫው የሚመጣው ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል ብቻ ከሆነ ምንም አይጠግኑ። ቀድሞ የሚተነው ፕሮፔኑ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚበዛው ቡቴን የበለጠ አየር ስለሚፈልግ እሳቱ ይለወጣል። ሲሊንደሩን አጋድሞ የቀረችውን ማሟጠጥ ግን ይቅር፤ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባል።

ችግር የሚመስሉ ሌሎች ምልክቶች

ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ብርቱካንማ ብልጭታ አለፍ አለፍ ሲልበት አቧራ ወይም ጨው ነው። ቤት ሲጠረግ ወይም የጨው ውሃ ሲገነፍል ይታያል፤ ድስቱ ካልጠቆረ ይተዉት።

ቢጫው የሚታየው ሰፊ ብረት ድስት ሲጣድ ብቻ ከሆነ ድስቱ ራሱ እሳቱን አፍኖታል። ወደ ትልቁ ራስ ያዛውሩት፤ ራሱን ዙሪያውን በአልሙኒየም ፎይል መሸፈንም እንዲሁ አየር ይከለክላል።

ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ በወጥ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሁሉ አንድ ላይ ከያዛቸው ስለ ድስቱ አያስቡ። በከፊል የሚነድ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያመነጫል። ምድጃውን ያጥፉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ሰዉን ሁሉ ወደ ውጭ ያውጡ፤ ራሱን የሳተ ወይም ሕመሙ ያልተወው ካለ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ምድጃው ተፈትሾ በሰማያዊ እስኪነድ ድረስ ተመልሶ አይለኮስ።

ጎማውን ወይም ሬጉሌተሩን ፈትተው ከገጠሙ ከመለኮስዎ በፊት ሲሊንደሩን ከፍተው መገናኛዎቹን የሳሙና አረፋ ይቀቡ። አረፋው እየተነፋ ካደገ ጋዝ ያፈስሳል፤ ይዝጉት፣ ማሰሪያውን ያጥብቁ፣ ጎማው ከተሰነጣጠቀም ይቀይሩት። በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ አይሞከርም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ከሸተተዎትም መብራት ሳያበሩና ሳያጠፉ በሩን ከፍተው እስኪወጣ ይጠብቁ።