ሽፋን የተቀባ እንጆሪ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ለምን ይበላሻል?

ከካይቶሳን (ብዙ ጊዜ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚወጣ ዱቄት)፣ ከአልጂኔት (ከባሕር አረም የሚወጣ ማወፈሪያ) ወይም ከእሬት የሚሠራው፣ ፍሬው እንዲቆይ ላዩ ላይ የሚቀባው ስስ የሚበላ ሽፋን ለእንጆሪ በጣም ጥሩ ነገር ነው። ግን ቅዝቃዜን ያግዛል እንጂ አይተካም። ብዙው ብልሽት የሚመጣው ይሄ ሲረሳ ነው።

ግራጫ ሻጋታ ወጣበት?

ቦትራይቲስ የሚባለው ፈንገስ ነው። ብዙ ጊዜ ተክሉ ገና አበባ ላይ እያለ ይገባና ፍሬው እስኪበስል ድረስ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ስለዚህ ከላይ የቀባችሁት ሽፋን አይደርስበትም። በ0 ዲግሪ እንኳ ቀስ እያለ ያድጋል። መፍትሄው ከማሳው ይጀምራል። የበሰበሰውን ፍሬ ከእርሻው አውጡ፣ ጠዋት ሳይሞቅ ልቀሙ፣ የተጎዳውን ለዩ፣ ከዚያ ቶሎ አቀዝቅዙ፤ እንጆሪ ፀሐይ ላይ የቆየባትን ሰዓት ምንም ሽፋን አይመልስላትም። ከቀባችሁ በኋላ በቀዝቃዛ አየር በማራገቢያ አድርቁ፣ እርጥቡን አታሽጉ። ክፍሉ ከ0 እስከ 1 ዲግሪ ይሁን።

ነጭ ነጭ ነገር ወይም መጣበቅ ካለ

ካይቶሳኑ በደንብ አልሟሟም፣ ወይም በዝቷል። በንጹህ ውሃ ብቻ አይሟሟም፣ አሲድ ይፈልጋል። 200 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ነጭ ኮምጣጤ ከ800 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ቀላቅሉ፣ ለምግብ የተፈቀደ ካይቶሳን 10 ግራም ጨምሩ፣ ለረጅም ሰዓት አማስሉ፣ በንጹህ ጨርቅ አጥልሉ። አብዛኛው ካይቶሳን ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚወጣ ስለሆነ አለርጂ ላለበትም ሆነ ለጾመኛ ደንበኛ ሳትነግሩ አትሽጡ። ከእንጉዳይ የሚሠራም አለ።

አልኮል አልኮል ሸተተ

ሽፋኑ ወፍሯል። ፍሬው ከተለቀመ በኋላም ይተነፍሳል፣ ኦክስጅን ካጣ መፍላት ይጀምራል። ድብልቁን አቅጥኑ፣ አንዴ ብቻ ንከሩ፣ ማሸጊያው ቀዳዳ ይኑረው።

ጨማደደ

ካይቶሳንም አልጂኔትም የውሃ ትነትን በደንብ አያግዱም። የክፍሉን እርጥበት ከ90 እስከ 95 በመቶ አድርሱ። ድብልቁ ውስጥ ጥቂት የንብ ሰም የሚጨምሩም አሉ፣ ግን ሰሙ ከውሃው ጋር በደንብ ካልተዋሃደ ፍሬው ላይ ነጠብጣብ ይሠራል።

መራራ ጣዕም

አልጂኔት ከሆነ ማጠንከሪያው ካልሲየም ክሎራይድ በዝቷል፣ ቀንሱት። እሬት ከሆነ ቢጫው ፈሳሽ ገብቶበታል፤ ቅጠሉን ቆርጣችሁ ቢጫው እስኪያልቅ አንጠልጥሉት፣ ከዚያ የውስጡን ነጭ ብቻ ውሰዱ።

ብሉቤሪ ላይ ሽፋኑ እየተንከባለለ ከወረደ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ፍሬው የራሱ ሰም አለው፣ ውሃ አያስይዝም። ራስበሪን ደግሞ ከነጭራሹ አትንከሩት፣ ይፈርሳል። በስሱ ርጩበት።