መኪና ላለው ድርጅትም መኪና ለሚለምንም፡ ከአዳማ የእርዳታ ጭነት እንዴት ይላካል

አዳማ ላይ የጭነት ስምሪት ስሰራ ቆይቻለሁ፣ እና አደጋ በደረሰ ቁጥር ያው ስልክ ነው ሚደወለው። "እህቴ አንድ መኪና በነፃ ስጪን፣ እቃው ሞልቶ ተርፏል።" ባለቤቱ እሺ ይላል፣ ባነር ይለጠፋል፣ ሁሉም ፎቶ ይነሳል፣ መኪናው ይወጣል፣ ጣጣው ከዛ ይጀምራል። መኪና ማግኘት እኮ ቀላሉ ነው። እርዳታ የሚበላሸው ማራገፊያው ላይ ነው፣ ስለዚ እኔም ከማራገፊያው ልጀምር።

አንዴ አንድ ኤፍ ኤስ አር (ተሳቢ የሌለው መካከለኛ የጭነት መኪና) ሙሉ ዱቄት ላክን፣ ቅዳሜ ማታ ደረሰ። የመጋዘን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ለቅሶ ሄዷል፣ ስልኩ ዝግ። አውራጅ የሚባል የለም። እሁድን ሙሉ ቆሞ ዋለ፣ እሁድ ማታ ደሞ ዝናቡ መጣ፣ ሸራው ጥጉ ላይ ቀዳዳ እንዳለው እኛም ሹፌሩም አላየንም ነበር፣ ሰኞ ሲራገፍ 11 ጆንያ ዱቄት እንደ ሲሚንቶ ተጋግሮ ወጣ። ጥፋቱ የኛ ነው። ያናገርነው አስተባባሪውን እንጂ ባለቁልፉን አልነበረም።

ከዛ ወዲህ ሳንጭን በፊት ባለቁልፉን ራሱን በስልክ አናግራለሁ፣ ሁለተኛ ስልክ እቀበላለሁ፣ ማን እንደሚያራግፍና የአውራጅ ሂሳብ ማን እንደሚከፍል አስጨርሳለሁ። ይሄ ካላለቀ መኪናው ግቢ ይደር። ቅዳሜና የበአል ዋዜማ የሚደርስ ጭነት ደሞ ባይነሳ ይሻላል፣ ህይወት አድን ካልሆነ በቀር።

መንገዱንም ጠይቁ፣ ግን ቢሮ ሳይሆን እዛ የሄደ ሹፌር ጠይቁ። ቢሮ "ይገባል" ይላል፣ ሹፌር "ተሳቢ ይገባል ወይስ ፈትቼ ነው?" ይላል፣ ልዩነቱ እሱ ነው። ሐምሌ 2016 ገዜ ጎፋ ላይ ናዳው ሰው ሲቀብር አይታችኋል፣ እንደዛ አይነት ተራራማ ቀበሌ ላይ በክረምት ተሳቢ ልኮ መጠበቅ ዘበት ነው። ትልቁ መኪና አስፋልቱ ላይ ያለ ከተማ ድረስ ይሂድ፣ እዛ መጋዘን ተለምኖ ይራገፍ፣ ከዛ በአይሱዙ እየተከፋፈለ ይግባ። ለሁለተኛው ማራገፍና መጫን ብር መያዝ እንዳትረሱ፣ ሁሌ የሚረሳው ይሄ ነው።

አሁን የመኪናውን ነገር ልንገራችሁ፣ በተለይ ባለ መኪናዎች ስሙኝ። አዳማ የጅቡቲ መስመር ላይ ናት፣ ሞጆ ደረቅ ወደብም አጠገባችን ነው፣ እና አገሪቱ ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበልጥ ከጅቡቲ ሞልቶ የሚወጣው መኪና ሲወርድ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው። በመተሃራ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ አድርጎ ባዶውን ይወርዳል። ታህሳስ 2017 የመሬት መንቀጥቀጡ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሰው ሲያፈናቅል፣ እኛንም እዚህ አዳማ ከእንቅልፍ ሲቀሰቅሰን፣ ያ ባዶ መኪና ሁሉ በነሱ ደጃፍ ነበር የሚያልፈው። ለዛ መስመር ሙሉ ኪራይ መክፈል አያስፈልግም፣ የማራገፊያ ቀኑን ሂሳብና የሹፌሩን አበል ሸፍናችሁ የሚወርድ መኪና ላይ ጣሉት። ድርጅቱም አይጎዳም፣ ለዚህ ነው አመቱን ሙሉ እሺ ሊላችሁ የሚችለው። ወደ ቦረና ወይ ወደ ባሌ ከሆነ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው፣ እዛ መስመር ላይ "በነፃ" ያላችሁ ድርጅት ከኪሱ እያወጣ ስለሆነ ቢያንስ ናፍጣውን ቻሉለት፣ አለበለዚያ ለሁለተኛ ጊዜ ስልካችሁን አያነሳም።

ባዶ መኪና ስትጠቀሙ ሲመጣ ምን ጭኖ እንደነበር ጠይቁ። ዩሪያ ወይ ሌላ ማዳበሪያ ከነበረ ወለሉ ላይ ነጭ ፍሬ ፍሬው ስንጥቁ ውስጥ ይቀራል፣ በመጥረጊያ አይወጣም። ይታጠብ፣ ፀሀይ ላይ ይድረቅ፣ ከዛ ላስቲክ ይነጠፍበት። ሳሙናና ዱቄትም ባንድ ላይ አይጫንም በሉ፣ አንዴ ኦሞ ኦሞ የሚል እንጀራ ብሉ ብለን ሰው አስቀይመናል። በምግብ እጥረት ለተጎዱ ህፃናት የሚሰጠው ፕላምፒ ነት የሚባለው የለውዝ ቅቤ ካለ ደሞ ጥላ ይፈልጋል፣ አንድ ካርቶን 150 ፍሬ ነው የሚይዘው፣ የመተሃራ ፀሀይ ላይ በሸራ ታፍኖ የሚውል እቃ አይደለም።

ስንት መጫን እንዳለባችሁ በግምት አትስሩ። በኛ አገር ሙሉ የእርዳታ ራሽን ለአንድ ሰው ለወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። አንድ ኤፍ ኤስ አር 60 ኩንታል ስንዴ ቢይዝ ባለ 50 ኪሎው ጆንያ 120 ይሆናል፣ ያ ለ400 ሰው ለአንድ ወር ነው። የ400 ኩንታሉ ተሳቢ 2,600 ሰው አልፎ ይሄዳል። ይሄን ሳያሰሉ "ሁለት መኪና ላክን" ብለው የሚፎክሩ አሉ፣ የተፈናቀለው 10,000 ሰው ሆኖ ማለት ነው። አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ 75 ኪሎ እህል ይደርሰዋል፣ ማለትም አንድ ጆንያ ተኩል፣ እና ግማሹን ጆንያ በምን ለክታችሁ ትሰጡታላችሁ? ሚዛን ካልላካችሁ በጣሳ ይሰፈራል፣ በጣሳ ከተሰፈረ ደሞ ፀብ አለ። አንድ ሚዛንና ጥቂት ባዶ ጆንያ አብራችሁ ጫኑ።

ልብስ በተመለከተ ጨክኑ። ሰው ቁምሳጥኑን ያራግፍባችኋል፣ ሂል ጫማ፣ ሱፍ ኮት፣ አንድ እግር ስኒከር ሳይቀር አይቻለሁ። መጫኑም መለየቱም ጉልበት ይበላል። ብር ተቀበሉና ለመድረሻው የሚቀርበው ገበያ ላይ ግዙ፣ ወደ ቦረና ከሆነ እህሉን ከአዳማ ከምትጭኑ ሻሸመኔ ላይ ዋጋ ጠይቁ። የእድር ድንኳን፣ ጀሪካንና ብርድ ልብስ ግን ከዚህ ቢሄድ ያዋጣል።

ወረቀት። ከወረዳው ወይ ከዞኑ አደጋ ስጋት ቢሮ ማህተም ያለው ደብዳቤ ይኑር፣ ላዩ ላይ የመኪናው ታርጋ፣ የተሳቢውም ታርጋ፣ የሹፌሩ ስም፣ የእቃው አይነትና ብዛት፣ መነሻና መድረሻ። አምስት ኮፒ ለሹፌሩ ስጡት፣ ኬላ ላይ ኮፒ ይቀራል። እርዳታ ነው ብሎ ባነር መለጠፍ ኬላ አያሳልፍም። ሲራገፍ ሹፌሩና ተቀባዩ አብረው ይቁጠሩ፣ የተቀደደና የረጠበ ካለ እዛው ወረቀቱ ላይ ይፃፍ፣ ተቀባዩ ሞዴል 19 (የእቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ቆርጦ ይስጥ። "ነገ በቴሌግራም እንልካለን" የሚባል ሞዴል 19 መጥቶ አያውቅም። ሹፌሩ ወረቀቱን ሳይዝ አይነሳም፣ እሱን ባለመያዙ የጎደለው ሁሉ በሱ ላይ ነው ሚደፋው፣ እሱ ደሞ ደሞዝተኛ ነው። ብር ላዋጣው ሰውም ሞዴል 19ኙን ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፣ የተፈናቀለች እናት ፊት ላይ ካሜራ ከመደቀን እሱ ይበቃል።

የሹፌርና የረዳት አበል ቀድሞ ይሰጥ። በጎ አድራጊው ባለ መኪናው ነው፣ ሹፌሩ ስራ ላይ ነው። አንድ ጋሼ የምንላቸው ሹፌር "ልጄ እኔ መፅዋች አይደለሁም፣ ሆዴን አታስርቡብኝ" ያሉኝ አይረሳኝም፣ ሁለት ቀን በሻይና ዳቦ ሰንብተው ነበር።

አንድ ነገር ደሞ፣ በጀት ስትሰሩ ትርፍ ሸራ አስገቡ። ሸራው አይመለስም። ጭነቱ ወርዶ ሳያልቅ አንዷ ልጆቿን ከስሩ ታስተኛለች፣ የድርጅት ንብረት ነው ብሎ ከላያቸው ላይ የሚገፍ ረዳት እስካሁን አልገጠመኝም፣ መኪናው በሸራ ሄዶ ያለ ሸራ ይመለሳል፣ ባለቤቱ ይጮሃል፣ እኔም "ንፋስ ወሰደው" ብዬ እፈርማለሁ።