«ስንጠራችሁ ትመጣላችሁ» ሲባል ምን ይደረጋል?

በመጋቢት 2012 መጨረሻ ባሕር ዳር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለ14 ቀን ተዘጋች። ቱሪስቱ ግን ከዚያ በፊትም ጠፍቶ ነበር። ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል የሚመላለሱት ጀልባዎች ሥራ ፈቱ፤ የሐይቅ ዳር ሆቴሎችም ባዶ ሆኑ። ብዙ አስተናጋጅ፣ የክፍል ጽዳት ሠራተኛ፣ ጥበቃና ጀልባ ነጂ የሰማው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ «ለጊዜው ቤት ሁኑ፤ ስንጠራችሁ ትመጣላችሁ።»

የተጠራ አለ። ሳይጠራ የቀረም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን «ስንጠራችሁ» የሚባል ነገር አያውቅም። በአዋጁ ዓይን ሠራተኛ ወይ ሥራ ላይ ነው፣ ወይ ፈቃድ ላይ ነው፣ ወይ ውሉ ለጊዜው ታግዷል፣ ወይ ተሰናብቷል። የምታገኙት ገንዘብ የሚወሰነው ከእነዚህ በየትኛው ላይ እንዳላችሁ ነው። እሱን የሚናገረው ደግሞ ወረቀት ነው።

በወረርሽኙ ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ታውጆ ነበር። ማስፈጸሚያ ደንቡ በጊዜው የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ካወጣው አሠራር ውጭ ሠራተኛ መቀነስንና ማሰናበትን ከልክሏል። ያ ጥበቃ ከአዋጁ ጋር አብሮ አልፏል። 1156 ግን አለ። ወረርሽኝ ቢመጣ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ገናና ጥምቀት ያለ እንግዳ ቢያልፉም የምትሄዱበት መንገድ ያው ነው።

አዋጁ የመንግሥት ሠራተኞችንና የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። የቤት ሠራተኞችም የሚተዳደሩበት ለብቻው ነው። የጽሑፍ ውል የሌላችሁ ግን አትስጉ። በቃል ተቀጥራችሁ ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ ደብዳቤ ሊሰጣችሁ ይገባ ነበር፤ አለመስጠቱ መብታችሁን አያሳጣችሁም።

1. የምትፈርሙትን አንብቡ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ «ለፎርማሊቲ ነው» ተብሎ አንዲት ወረቀት ትመጣለች። ሦስት ዓይነት ልትሆን ትችላለች።

የመጀመሪያዋ የዓመት ፈቃድ ቅጽ ናት። እሷ ብዙ አትጎዳም፤ የዓመት ፈቃድ ከነደመወዙ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የተጠራቀመ ፈቃድ ካላችሁ በክፉ ቀን እሱን መጠቀም ጥሩ ነው።

ሁለተኛዋ «በራሴ ጥያቄ ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዲሰጠኝ» የምትል ናት። አዋጁ ይህን የሚያውቀው ሠራተኛው ራሱ ሲጠይቅ ነው። ካልጠየቃችሁ አትፈርሙ። አንዴ ከፈረማችሁ አሠሪው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ማሳወቅም ሆነ ምክንያቱን ማስረዳት ላይጠበቅበት ነው።

ሦስተኛዋ «በፈቃዴ ሥራ ለቅቄያለሁ» የምትለዋ ናት። ይህቺን ፈርሞ ወደ ኋላ መመለስ አበሳ ነው። በራሱ የለቀቀ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያና የቅነሳ ክፍያ አይጠይቅም። የስንብት ክፍያም የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ ነው።

አለቃችሁ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። የዘመድ ያህልም ልትቀራረቡ ትችላላችሁ። እንዲያም ቢሆን «ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለት ነውር የለውም።

2. ውሉ ታግዶ ከሆነ ደብዳቤውን ጠይቁ

አሠሪ ከአቅሙ በላይ በሆነ ነገር፣ ወይም በእሱ ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀን የሚቋረጥ ከሆነ ውሉን ለጊዜው ማገድ ይችላል። ግን ዝም ብሎ አይደለም። ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በእኛ በአማራ ክልል በወረርሽኙ ጊዜ ይህ ሥራ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነበር፤ አሁን በሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ስር ነው። መሥሪያ ቤቱ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ምክንያቱ በቂ መሆን አለመሆኑን ይወስናል። በቂ ነው ካለ ጊዜውን ይወስናል፤ ከ90 ቀን ግን አያልፍም። በቂ አይደለም ካለ ሥራው እንዲቀጥል፣ የታገደበት ቀን ደመወዝም እንዲከፈል ያዛል። በውሳኔው ቅር ያለው ወገን በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል።

ስለዚህ አሠሪያችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለመሥሪያ ቤቱ ያስገባውን ደብዳቤና የተሰጠውን መልስ። ካልሰጣችሁ ራሳችሁ ወደ ከተማው ሥራና ሥልጠና ሄዳችሁ «የዚህ ድርጅት እገዳ ተመዝግቧል ወይ?» በሉ። ብቻችሁን ከመሄድ ሦስትም አራትም ሆናችሁ ሂዱ፤ ሰሚው ይለያል።

ምንም ካልተመዘገበ ክርክራችሁ ጠንካራ ነው። ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ከእሱ ባልመጣ ምክንያት ሳይሠራ የቀረ ሠራተኛ ደመወዝ እንደሚገባው አዋጁ ይላል። «ለሥራ ዝግጁ ነኝ» የምትል አጭር ማመልከቻ ጻፉ። በሁለት ኮፒ አድርጋችሁ አንዱ ላይ ቀንና ፊርማ አስደርጉ። አልቀበልም ካሉ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት ላኩና መልእክቱን አታጥፉ።

3. እገዳው ላይ እያላችሁ

በሕጉ የጸደቀ እገዳ ከሆነ ደመወዝ የለም። መራራ ነው፤ በተለይ የሥራ አጥነት መድን በሌለበት አገር። የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው የተፈራረሙት ውል) ካላችሁ ግን አንብቡት፤ ከሕጉ የተሻለ ነገር ሊኖረው ይችላል። የሠራተኛ ማኅበር ካለ እዚህ ላይ ነው ጥቅሙ የሚታየው።

እገዳ ስንብት አይደለም። ውላችሁ አለ። ውሉ በታገደበት ጊዜ የሚሰጥ የስንብት ማስጠንቀቂያም ዋጋ የለውም። ቤት ተቀምጣችሁ «ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተሃል» የሚል ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀኑን ከእገዳው ጊዜ ጋር አስተያዩ።

አንድ ነገር አትርሱ። እገዳው ባለቀ ማግሥት፣ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ሥራ ቦታችሁ መገኘት ግዴታችሁ ነው። ስልክ አትጠብቁ። ሆቴሉ በር ላይ ቁልፍ ቢኖርም ሂዱ፤ ጥበቃው ይያችሁ፣ ምስክር ይዛችሁ ሂዱ፣ ከተቻለ ፎቶ አንሱ። ካልሄዳችሁ «እሱ ነው የቀረው» የሚል ክርክር ይነሳባችኋል።

ድርጅቱ በ90 ቀን ውስጥ ሥራ ሊጀምር እንደማይችል መሥሪያ ቤቱ ካረጋገጠ ነገሩ ወደ ስንብትና ወደ ክፍያው ያልፋል።

4. ቅነሳ ከመጣ ሥርዓቱን ተከታተሉ

ገበያ ሲቀንስ ሠራተኛ መቀነስ ሕጋዊ ነው። «ቅነሳ» የሚባለው ቢያንስ 10 በመቶ ሠራተኛ ሲነካ ነው፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው ሲነካ። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። ችሎታና ምርታማነት ያላቸው ይቆያሉ። በዚህ እኩል ከሆኑ አጭር አገልግሎት ያላቸው ቀድመው ይወጣሉ። ነፍሰ ጡሮች ከመጨረሻዎቹ ናቸው። እርግዝና፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የማኅበር አባልነት ወይም አቤቱታ ማቅረብ የማሰናበቻ ምክንያት አይሆኑም። «ገበያ ቀዘቀዘ» ተብሎ አንዲት እርጉዝ ለብቻዋ ከወጣች ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ፣ ምክንያቱና ቀኑ ተገልጾ ይሰጣል። የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰና በቅነሳ ለሚወጣ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያው ጊዜ 2 ወር ነው።

5. ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት

አሠሪው የሚነግራችሁን ቁጥር ከመስማታችሁ በፊት የራሳችሁን ያዙ። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የስንብት ክፍያው የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ሲባዛ ነው። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይደመራል። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። በቅነሳ ወይም ድርጅቱ ለዘለቄታው በመዘጋቱ ከሆነ በዚያ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል።

ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ፣ 5 ዓመት የሠራ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ እንውሰድ። ለ30 ስናካፍለው ቀኑ 200 ብር ይመጣል። ለመጀመሪያው ዓመት 6,000 ብር። ለቀሪዎቹ አራት ዓመታት በዓመት 2,000፣ ማለትም 8,000። እስካሁን 14,000 ብር ሆነ። የ60 ቀኑ 12,000 ሲጨመር 26,000 ብር። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጠው ወጥቶ ከሆነ ደግሞ የሁለት ወሩን ሌላ 12,000 ይጠይቃል። ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይሰላል።

የሆቴል ሰው እዚህ ላይ ማወቅ ያለበት አለ። ከደንበኛ የሚሰበሰበው ሰርቪስ ቻርጅ በሕጉ ደመወዝ አይደለም። የትርፍ ሰዓትና አበልም እንዲሁ። በደህናው ጊዜ ከደመወዛችሁ በላይ ሰርቪስ ቻርጅ ትወስዱ የነበረ ቢሆንም ስንብቱ የሚሰላው በደመወዙ ብቻ ነው። ስትቀጠሩ «ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ሰርቪሱ ግን ጥሩ ነው» ሲሏችሁ ይህን አስቡ።

6. ክፍያው ሲዘገይ

ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ዩኒፎርምና ቁልፍ ቶሎ መልሱ፤ ለመዘግየቱ ምክንያት አትሁኑ። ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ድረስ ተጨማሪ ሊያስከፍል ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃችሁንም ተቀበሉ፤ ማስረጃው የክፍያ ክርክር መያዣ አይደለም። «የሚገባኝን ሁሉ ተቀብያለሁ» በሚል ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ከሂሳባችሁ ጋር አስተያዩ።

በንግግር ካልተፈታ ወደ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ሊያስማማችሁ ይሞክራል። ካልሆነ በወረዳ ፍርድ ቤት ክስ ይቀርባል። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ጠበቃ መቅጠር የማይችል የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከልን ይጠይቅ፤ የክስ ማመልከቻ መጻፍ ላይ ያግዛሉ። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ወረቀት ወይም የባንክ ዝርዝር፣ መታወቂያና ያስቀመጣችኋቸውን መልእክቶች ይዛችሁ ሂዱ። ስንብቱ ሕገወጥ ነው ከተባለ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ ሊመልስ ይችላል። ካልሆነም ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ከሌሎቹ ክፍያዎች ሌላ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ ያገኛል።

ቀኑን ግን ቁጠሩ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ከስንብት የሚመጣ የገንዘብ ጥያቄ በ6 ወር፣ የደመወዝ ጥያቄ ደግሞ ሊከፈል ከሚገባው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ። አሠሪው «ቱሪስት ይመለስ፣ እንነጋገራለን» እያለ ካዘገያችሁ የሚያልፈው የእናንተ ጊዜ ነው። ንግግሩ ይቀጥል፤ ክሱ ግን ከሦስተኛው ወር በፊት መዝገብ ቤት ይግባ።