የመጀመሪያ የኢቨንቲንግ ወቅትህን እንዲህ ጀምር

ኢቨንቲንግ አንድ ጋላቢና አንድ ፈረስ ሦስት ፈተና የሚወስዱበት ውድድር ነው፦ ድሬሳጅ (የታዘዙ እንቅስቃሴዎችን በቅደም ተከተል ማሳየት)፣ ክሮስ ካንትሪ (ሜዳና ጫካ ውስጥ የተተከሉ መሰናክሎችን እየጋለቡ መዝለል) እና የመሰናክል ዝላይ። የሚያሸንፈው ትንሽ የቅጣት ነጥብ የያዘ ነው።

መጀመሪያ ደረጃህን ምረጥ። ልምምድ ላይ ከምትዘለው ዝቅ ያለውን ያዝ፣ ኩራቱ ይቅርብህ። ዝላይ ላይ አንድ እንጨት ብትጥል 4 ነጥብ ነው። ክሮስ ካንትሪ ላይ ግን ፈረሱ አንድ መሰናክል አልዘልም ብሎ አንዴ እምቢ ካለህ 20፣ እዚያው ከደገመው ደግሞ 40 ይጨመርብሃል፤ እዚያው ለሦስተኛ ጊዜ ካለህማ ከውድድሩ ወጣህ ማለት ነው።

ለድሬሳጅ ሙሉውን ቅደም ተከተል በየቀኑ አትደጋግም። ፈረሱ ይሸመድደውና ሳታዘው ይቀድምሃል።

ክሮስ ካንትሪውን በእግርህ ስትቃኝ ብቻህን ሁን። እኔ አንዴ ከጓደኛዬ ጋር እያወራሁ መሰናክሎቹን ብቻ አይቼ ተመለስኩ፤ በማግስቱ ፈረሴ ከጠራራ ፀሐይ ወደ ዛፍ ጥላ ሲገባ መሰናክል የሆነው ግንድ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እኔ አንገቱ ላይ ተንጠለጠልኩ። ለካ የፈረስ ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ቶሎ አይለምድም! እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቀደም ብለህ ፍጥነት ቀንስ፣ እግርህን ግን ከፈረሱ ጎን አታላላ።

ስትጨርስ ወዲያው አታስረው። አራምደው፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስስበት። ማታም ጠዋትም እግሮቹን አንድ በአንድ በእጅህ ዳብስ፤ አንዱ ከሌሎቹ ከሞቀ ወይም ካበጠ የሚቀጥለውን ውድድር እርሳውና የእንስሳት ሐኪም ጥራ።